መጀመሪያ መሠረቱን፦ ዘይት፣ ርጭት ወይስ ጢስ? ጎንደር ላይ ሽቶ ለሚደራርቡ የንጽጽር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ሽቶ ባዶ ገላ ላይ አያርፍም። ነጠላው እጣን ጠጥቷል፤ ፀጉሩን ቅቤና አደስ ነክቶታል፤ ወይባ የሞቀች ሴት ገላዋ ለቀናት የጢሱን ጠረን ይዞ ይቆያል፤ ቡና ሲፈላ ከተቀመጡበት ቤት የወጣ ሰው ደግሞ ኮቱ ሳይቀር እጣን እጣን ይላል። ስለዚህ «ሁለት ሽቶ ልደራርብ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛና አራተኛ ድርብ እየጨመረ ነው። ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሽቶው አይደለም፤ ከሥር ያለው ጠረን ሳይታሰብበት መረጨቱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መሠረቱን ይምረጡ፣ ሽቶው ከዚያ ይከተላል። መሠረት የምንለው ከስድስት ሰባት ሰዓት በኋላ ገላና ልብስ ላይ የሚቀረውን ነው። ሽቶ በሦስት ደረጃ ይገለጣል። ቀዳሚው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ ናና እዚህ ናቸው። መሀለኛው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይሄዳል፤ ጽጌረዳና ሌሎች አበቦች፣ ቅመማ ቅመምም በአብዛኛው እዚህ ናቸው። ቀሪው ከ6 ሰዓት በላይ የሚዘልቀው ነው፤ እንጨት፣ ሙጫ፣ ሙስክ (ገላ ገላ የሚል ለስላሳ መዓዛ)፣ ቫኒላ፣ ኡድ (ሙጫ ከጠጣ እንጨት የሚገኝ ከባድ መዓዛ)። ሁለት ሽቶ ሲደራረብ ብዙውን ጊዜ የሚጋጨው ቀሪው ከቀሪው ጋር ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመን የምናሸተው ግን ቀዳሚውን ብቻ ነው። ገዝቶ መጸጸት የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሠረትነት ሦስት ዋና አማራጮች አሉ፦ የዘይት ሽቶ፣ የሚረጭ ሽቶ እና ጢስ። ቅቤና ሎሽን ራሳቸውን ችለው መሠረት ባይሆኑም የሌላውን ዕድሜ ያረዝማሉ ወይም ያበላሻሉ፤ እነሱንም እናነሳለን።

አየሩ የሚያደርገው

ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳም አብሮ ይደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶ አይዝም። አልኮሉ ብን ሲል ቀላሎቹን መዓዛዎች ይዟቸው ይሄዳል። የሎሚ መዓዛ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቢጠፋ አይግረምዎ።

ሁለተኛው ነገር የጠዋቱና የቀኑ ልዩነት ነው። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ብርድ ነው። በብርድ ሽቶ ቶሎ አይተንም፣ ስለዚህ ደካማ ይመስላል። ሰውየው «አልበቃም» ብሎ ሁለት ርጭት ይጨምራል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትከር የተጨመረውም የነበረውም አንድ ላይ ይነሳና ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው መስኮት ይከፍታል። በእነዚህ ወራት የጠዋቱን መጠን በቀኑ ሙቀት ይለኩ። ጠዋት ላይ ጥቂት የጎደለ የሚመስለው ልክ ነው።

የዘይት ሽቶ እንደ መሠረት

አልኮል የሌለበት፣ በትንሽ ጠርሙስ ወይም በብልቃጥ ሮል የሚሸጠው ነው። በአብዛኛው በ3፣ በ6 እና በ12 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ኡድ፣ ሙስክ፣ አምበር (ሞቅ ያለ የሙጫ መዓዛ)፣ ጽጌረዳና የሰንደል እንጨት በዚህ መልክ ይገኛሉ። (ገበያ ላይ «ሰንደል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በክብሪት የሚለኮሰው ቀጭን ዘንግ ስለሆነ፣ ሲጠይቁ ዘይቱን እንደሚፈልጉ በግልጽ ይናገሩ።)

ለጎንደር የበጋ አየር ከሦስቱ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ዘይት እንደ አልኮል አይተንም፤ ቆዳ ላይ ተኝቶ በገላ ሙቀት ቀስ እያለ ይነሳል። የሚገለጠው ከገላ ጥቂት ስንዝር ርቀት ላይ ስለሆነ በላዩ ለሚመጣው ርጭት ቦታ ይተዋል። ለመሠረት ከተሠራው ሁሉ ለስላሳ ሙስክ ወይም የሰንደል እንጨት ስህተትን ይቅር ባይ ነው፤ ከአበባም፣ ከሎሚም፣ ከቅመምም ጋር ይስማማል። ኡድ ግን ራሱ ጌታ ነው። ኡድን ከሥር ካደረጉ በላዩ የሚመጣው ለእሱ ይገዛል እንጂ እኩል አይቆምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ደረቅ ግን ገና ለስላሳ ሳለ፣ በአራት አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ሽታ የሌለው ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። አንድ ጠብታ ዘይት ሽቶ በአንድ የእጅ አንጓ ላይ ያድርጉና ሌላውን አንጓ ነካ ብቻ ያድርጉት። ሁለተኛውን ጠብታ ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ሥር ያካፍሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የሚረጨውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ዘይቱ ከተቀባበት ቦታ ጎን እንጂ በቀጥታ በላዩ ሳይሆን ይርጩ። በቀጥታ በላዩ ከተረጨ አልኮሉ ዘይቱን ያሟሟውና ሁለቱ ከመደራረብ ይልቅ ይቀላቀላሉ፤ መሠረቱም ተገፎ ቶሎ ይነሳል።

አንጓን ከአንጓ አጥብቆ ማሸት የለመደ ብዙ ነው። ማሸቱ ቆዳውን ያሞቀዋልና ቀዳሚው መዓዛ ከጊዜው በፊት ይሸሻል፤ ነካ አድርጎ መተው ይበቃል።

ጉድለቱም አለ። ዘይት ነጭ ጥለት ላይ ካረፈ ብጫ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። የሀገር ልብስ የሚለብስ ሰው ዘይቱን ቀብቶ፣ ቆዳው እስኪጠጣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ነው ቀሚሱን መልበስ ያለበት። ሌላው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ዘይት ብዙ ጊዜ በማቅጠኛ የተሞላ ነው። ጣት ላይ አንድ ጠብታ አድርገው ይፈትሹ፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅባቱ እንዳለ ሆኖ መዓዛው ከጠፋ፣ የገዙት ማቅጠኛውን ነው።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ጠርሙስን ከጠርሙስ ጋር አያወዳድሩ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ 3 ሚሊ ሊትር ወደ 60 ጠብታ ነው፤ በቀን ሁለት ጠብታ ከሆነ አንድ ወር ይሄዳል። የሚረጭ ሽቶ በአንድ ርጭት ወደ 0.1 ሚሊ ሊትር ስለሚያወጣ የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 500 ርጭት ነው፤ በቀን አራት ከሆነ 125 ቀን። የዘይቱን ዋጋ ለ30፣ የርጭቱን ለ125 አካፍለው ሲያዩት የትኛው እንደሚረክስ ይለያል። ሁለቱን በአንድ ላይ ሲጠቀሙ ደግሞ የርጭቱ ፍጆታ በግማሽ ይቀንሳል፤ መደራረብ ከመሰለው በላይ ቆጣቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ርጭት በርጭት ላይ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው። ለዚህ ከተማ የበጋ ወራት ግን የምንመርጠው የመጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱም በአልኮል ስለሚበሩ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይነሳሉ፣ ባንድ ጊዜም ይደክማሉ፤ ከሥር የሚይዛቸው ነገር የለም።

ማድረግ የሚፈልግ ሰው የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ይጀምር። ኮሎኝ የሚለው ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን የመዓዛ ዘይት የያዘ ነው። ኦ ደ ቷሌት ወይም ኢዲቲ የሚለው በግምት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ወይም ኢዲፒ የሚለው ከ15 እስከ 20፣ ፓርፋም ብቻ ወይም ኤክስትሬ የሚለው ከ20 በላይ ነው። ከባዱ ይቅደም፣ ቀላሉ ይከተል፦ መጀመሪያ አንድ ርጭት ኢዲፒ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁለት ርጭት ኢዲቲ ወይም ኮሎኝ። ተገልብጦ ከተሠራ ከባዱ ቀላሉን ይውጠዋል፤ ቀላሉ ሽቶ ዋጋ ተከፍሎበት ሳይሸት ያልቃል።

ሁለት ኢዲፒ ደራርቦ ራስ ምታት የማያመጣ ጥንድ ማግኘት ከባድ ነው። በተለይ ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ «እንጨት» እና «አምበር» የሚባሉ ሽቶዎች ሹል የሆኑ ሰው ሠራሽ ግብዓቶች አሉባቸው። አንዱ ሲሆን ደረቅና ንጹሕ የሚመስለው፣ ሁለቱ ሲደመሩ አፍንጫ የሚወጋ ይሆናል። ባለቤቱ ደግሞ ቶሎ ይለምደውና አይሰማውም፤ የሚሰማው ለሌላው ነው።

ጢስ

ሦስተኛው አማራጭ ከሦስቱ ትልቁን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውጤቱ ሲያምር ግን የሚተካከለው የለም። እዚህ ያለ ሰው ደግሞ ለዚህ የሚሆነውን ነገር ደጃፉ ላይ ያገኘዋል።

ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣው እጣን ዋልያ መቀር ከሚባለው ዛፍ የሚፈስ ሙጫ ነው። የዚህ ዛፍ እጣን ከሶማሌው እጣን የሚለየው በውስጡ ኦክታይል አሲቴት የሚባል፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ንጥረ ነገር በብዛት ስላለበት ነው። እጣኑን ጣት መሀል ፈርከስ አድርገው ቢያሸቱት ያገኙታል። ፍም ላይ ሲያርፍም የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ብሩህና ጭማቂ ያለው ናቸው። ከዚያ ፍሬው ይቀልጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ጢሱም እየከበደ ሄዶ በመጨረሻ ጉሮሮ የሚይዝ የተቃጠለ ሙጫ ይሆናል። ልብስ መታጠን ያለበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ጠርዙ ሲጠቁር በጉጠት አንስተው ያውጡትና አዲስ ፍሬ ይጨምሩ። አብዛኛው ሰው እጣኑ እስኪያልቅ ልብሱን ከላይ ይተወዋል፣ ከዚያም «እጣን ከሽቶ ጋር አይሄድም» ይላል። አልሄድ ያለው የጠቆረው ቅሪት ነው።

ሲገዙ ትልልቅና ነጣ ያለውን ፍሬ ይምረጡ። ዱቄትና ቅርፊት የበዛበት ቶሎ ያራል። ቀለምና ሽቶ የተነከረውን እጣን ለዚህ ሥራ ይተዉት፤ እሱ ራሱ የሌላ ሰው ድርብ ነው፣ በላዩ የሚያደርጉትም በምን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አስተጣጠኑ፦ ከሰሉ በደንብ ተያይዞ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። ቀይ ፍም ላይ በቀጥታ የተጣለ እጣን አይታጠንም፣ ይነዳል። ፍሙ ላይ ስስ አመድ በትነው የባቄላ ፍሬ የሚያህል እጣን ያስቀምጡ። ነጠላውን ወይም ቀሚሱን ከፍሙ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ እየገለበጡ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ያሳርፉ። ከዚያ ዝቅ ካለ ነጭ ጥለት ቢጫ ይሆናል። ጥጥ ጢስ ይጠጣል፤ ናይለንና ፖሊስተር ግን አይዙም፣ ከቀረቡም ይቀልጣሉ። ታጥኖ ያለቀውን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ያሳድሩት። ሌሊቱን ሹሉ ጢስ ይወጣና ጠዋት የሚገኘው ለስላሳው ሙጫ ነው። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርድ ልብስ ጥር 10 በከተራው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ታጥኖ ያደረ ቢሆን ይሻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ሳይታለፉ። አንደኛ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፤ መስኮትና በር ይከፈት፣ ማጨሻው ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛ። ሁለተኛ፣ የሚረጭ ሽቶ አልኮል ነው። ልብሱ ፍም አጠገብ እያለ መርጨት እሳት መጋበዝ ነው። ልብሱ ከፍሙ ርቆ፣ በርዶ፣ በሌላ ክፍል ይረጭ።

ወይራ ሌላ ጠባይ አለው። ጋንና እንሥራ የሚታጠንበት ይህ እንጨት ደረቅና መራራ ጢስ ይሰጣል። ልብስ ላይ ሲሆን ከቆዳና ከትምባሆ ጠባይ ካላቸው ሽቶዎች፣ ከጥቂት ቫኒላም ጋር ይገጥማል፤ ከአበባ ጋር ግን ይጣላል። ከርቤ መራራና የከበደ ስለሆነ ከእጣን ጋር አንድ ለሦስት ተመጥኖ ይገባል፣ ብቻውን ግን ለልብስ አንመክረውም። ወይባ ደግሞ የልብስ ሳይሆን የገላ ነው። ወይባ ሞቃ የወጣች ሴት በዚያው ቀን አልኮል ያለው ሽቶ ገላዋ ላይ መርጨት የለባትም፤ ቆዳው ሙቀት በልቷልና ያቃጥላል፣ መዓዛውም ከጢሱ ጋር ተጣምሞ ይወጣል። አንድ ቀን አሳድራ አንድ ጠብታ የጽጌረዳ ወይም የሙስክ ዘይት ብትቀባ ጢሱ እንደ መሠረት ሆኖ ያገለግላታል። ይህ ጥንድ፣ ወይባና ጽጌረዳ፣ ከምናውቃቸው ሁሉ እጅግ የሚያምረው ነው ብለን ያለ ማመንታት እንናገራለን።

ቅቤና ሎሽን

አደስ የገባበት ቅቤ ፀጉር ላይ ካለ፣ ሽቶ ፀጉር ላይ አይረጭ። አደስ ባሕር ዛፍን የሚያስታውስ ንጹሕ፣ ቀዝቀዝ ያለ መዓዛ አለው፤ ከትርንጎ፣ ከላቬንደርና ከአረንጓዴ ቅጠል መዓዛዎች ጋር ይስማማል። ከቫኒላና ከካራሜል ጋር ሲገናኝ ግን ቅቤው ከስኳሩ ጋር ተባብሮ ኬክ ቤት ያስመስላል። ሽቶውን ከፀጉር ያርቁ፤ የቀሚሱ ጫፍ ወይም የእጅ አንጓ ላይ ይሁን። የሰነበተ ቅቤ ከጀመረው የመኮምጠጥ ሽታ ላይ የሚደረብ ሽቶ የለም፤ መታጠብ ነው መፍትሔው።

ሎሽንን በተመለከተ አጭር ነው፦ ሽታ የሌለው ይሁን። ቫዝሊን በቂ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ለሁለቱም አንጓ። ሽታ ያለው ሎሽንና ሽታ ያለው ዲዮድራንት ሳይጠሩ የሚመጡ ሁለት ድርቦች ናቸው። ብዙ ሰው ሽቶዬ ተበላሸ ሲል ጥፋተኛው ብብቱ ሥር ያለው ነው። ላብ ላይ የተረጨ ሽቶ ላቡን አይሸፍነውም፣ ያባብሰዋል።

የሚገጥመውና የማይገጥመው

በአንድ ቃል የሚያስኬድ ደንብ ካለ ይህ ነው፦ አንዱ ጎላ ያለ፣ ሌላው ለስለስ ያለ ይሁን፤ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ነገር ይኑር። እጣንና ብርቱካን የሚዋደዱት ያ ኦክታይል አሲቴት በመሀላቸው ድልድይ ስለሆነ ነው። ጽጌረዳና ኡድ የቆየ ጥንድ ናቸው፤ ሦስት ጠብታ ጽጌረዳ ለአንድ ጠብታ ኡድ ይጀምሩ፣ እኩል ለእኩል አያድርጉ። ቫኒላና ቅመም (ኮረሪማ፣ ሄል) ለምሽት ይሆናሉ። የባሕር ወይም የ«ስፖርት» ጠባይ ያላቸው ቀዝቃዛ ሽቶዎች ከእጣን ጋር ሲገናኙ የብረት ዓይነት ጣዕም የሚያመጡ አሉ፤ ጢስ የጠጣ ልብስ ላይ አይጠቀሙባቸው። ቫኒላ በቫኒላ ላይ፣ ኡድ በኡድ ላይም ይተዉ። ሁለት ተመሳሳይ ጣፋጮች የመዓዛውን መጠን ይጨምሩ ይሆናል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥሩም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ያቅለሸልሻሉ።

ዝባድን፣ ከጥርኝ የሚገኘውን ቅባት፣ የሚጠይቁ አይጠፉም። ከደቡብ ምዕራቡ ሀገር በቀንድ እየታሸገ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋና ወደ ስናር ይሄድ የነበረ ሸቀጥ ነውና ከከተማዋ የንግድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። የመዓዛው ምንጭ የሆነውን ሲቬቶንን ቅርጹን በ1926 (እ.ኤ.አ.) የገለጠው ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ሲሆን በ1939 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጥሬው ግን የሚሰነፍጥ፣ የእበት ዓይነት ሽታ ያለው ነው። ከ1 በመቶ በታች በአልኮል ካልቀጠነ በቀር መሠረት ሊሆን አይችልም፤ ከእንስሳውም የሚገኘው በጠባብ ወጥመድ ቤት አስሮ በመፋቅ ነው። ሰው ሠራሽ ሙስክ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እኛ የምንመክረው እሱን ነው።

ሳይገዙ መፈተሽ

ነጭ ወረቀት በ1 በ12 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ይዘው ይሂዱ። እያንዳንዱን ሽቶ በየራሱ ወረቀት ላይ ያድርጉና ስሙን ይጻፉበት። ሁለት ወረቀት እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ከአፍንጫ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው ያሽትቱ። አንዱን ወረቀት ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉ ሌላውን ሲያርቁ የምጣኔው ፍንጭ ይገኛል፤ አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ፣ ሦስት ለአንድ ምን እንደሚመስል ሳይረጩ ያውቃሉ። ወረቀቶቹን ለየብቻ ፖስታ ውስጥ ከተው ወደ ቤት ይውሰዱ። በ15 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት፣ በ4 ሰዓት ደግመው ያሽትቱና ይጻፉ። የአራት ሰዓቱ ማስታወሻ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ለገላ የሚተርፈው እሱ ነውና።

በአንድ ቀን ከአራት በላይ አይሞክሩ። አፍንጫ ሲደክም ቡና ማሽተት ያድሳል የሚል ልማድ አለ፤ ከንጹሕ አየር የበለጠ ነገር ግን አይሠራም። ደጅ ወጥቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መተንፈስ ወይም የራስን ክርን ውስጠኛ ክፍል ማሽተት ይበቃል። ቡና እየተቆላ፣ እጣን እየጨሰ ባለበት ቤት ሽቶ መፈተሽ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

ገላ ላይ ከመቀባትዎ በፊት ክርን ውስጥ አንድ ጠብታ አድርገው 24 ሰዓት ይጠብቁ። የቅጠልና የቅመም ዘይቶች (የጦስኝ፣ የቅርንፉድ፣ የቀረፋ) ሳይቀጥኑ ገላ ላይ አይነኩ። ለ10 ሚሊ ሊትር ጥሬ የሰሊጥ ዘይት 4 ጠብታ 2 በመቶ ያህል ይሆናል፣ ይበቃል። ቅርንፉድ ከሆነ 1 ጠብታ ብቻ፤ ቀረፋን ገላ ላይ ባያደርጉት ይሻላል። ሰሊጡ የተቆላ ከሆነ የራሱ ሽታ ሁሉን ይውጣል፤ ለሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰውም ሌላ ዘይት ይፈልግ። የሎሚ ልጣጭ ዘይትና ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁረት ትቶ ይሄዳል።

ሁለት ሽቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ መቀላቀል ከመደራረብ የተለየ ሥራ ነው። ዘይቱና አልኮሉ ካልተስማሙ ይደፈርሳል፣ የተሳሳተውም አይመለስም። የግድ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ በትንሽ ብልቃጥ ሞክረው ሁለት ሳምንት ያስቀምጡት።

የቱን ለማን

ቢሮ ለሚውል፣ በሚኒባስና በባጃጅ ለሚሄድ ሰው፦ አንድ ጠብታ ሙስክ ዘይት፣ አንድ ርጭት የሎሚ ወይም የብርቱካን ኮሎኝ። ኮሎኙ እስከ ረፋድ ይሄዳል፣ ሙስኩ ማታ ድረስ ይቆያል፤ ኮሎኙን በትንሽ ብልቃጥ ይዘው ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ መድገም ይችላሉ። ለቤተ ክርስቲያን የታጠነ ነጠላ ብቻውን ይበቃል፤ እዚያ ያለው እጣን ከማንኛውም ሽቶ ጋር ስለሚደራረብ ርጭት አይጨምሩ። ለጥር ሰርግ ሙሽራም ሚዜም ከታጠነ ልብስ ሥር ገላቸው ላይ ጽጌረዳና ኡድ ሦስት ለአንድ ቢያደርጉ፣ ማታ ደግሞ አንድ ርጭት ቫኒላ ቢጨምሩ፣ ከጭፈራው ላብ በኋላ እንኳ መሠረቱ ይቆማል። ሙሽራዋ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለብሳው ትዋል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ፣ አስም ያለበትን ሰው የሚያስታምም፣ ሕፃን የሚያቅፍ ሰው ምንም አይደራርብ፤ የታጠነ ልብስም ቢሆን ይለውጥ።

በክረምት ስሌቱ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ መዓዛ ይንጠለጠላል፣ የበጋው መጠን ግማሹ ይበቃል፤ ርጭት በርጭት ላይ ማድረግ የሚያስኬደውም በእነዚህ ወራት ነው። የጢሱ ችግር ግን ይጨምራል። እርጥበት ያልለቀቀው ጋቢ ወይም ነጠላ ከታጠነ እጣኑ የሻጋታውን ሽታ አያጠፋውም፤ አብሮ ያትመዋል፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። ልብሱን ፊት ላይ አስጠግተው ያሽትቱ፦ እርጥብ አፈር ወይም ጆንያ የሚል ነገር ካለ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን አስጥተው እስኪደርቅ እጣኑን ያቆዩት።